ሁለቱን ያሰረ ግዝት

ፀሐይወርቅ ባሕር ዳር ከገባች ብዙ ዓመት ቢሆናትም ወደ ሐይቁ ዳር ወርዳ አታውቅም ነበር። ከተማው ያለው ጣና ዳር ነው። ነፋሱ ከዚያ ይመጣል፣ ዓሣው ከዚያ ይወጣል፣ የዘጌ እንጨትና ቡና በዚያ ይገባል። እሷ ግን ከሰፈሯ ከሹም አቦ ወደ ገበያ ስትሄድ አቋራጩን ትታ በላይ በኩል ትዞራለች። አብረዋት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚፈትሉት ሴቶች፣ "ፀሐይወርቅማ ድመት ናት፣ ውኃ አትወድም" እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች። የምትፈራው ግን ውኃውን አልነበረም። የረጠበ ደንገል ሽታ ነበር የምትፈራው።

ደንገል በሐይቁ ዳር የሚበቅል፣ ታንኳ የሚሠራበት ረጅም ሣር ነው። ፀሐይወርቅ ገና ልጅ ሳለች፣ ከይፋግ በታች ካለው መንደራቸው ውኃ ልትቀዳ እንደወረደች ጠለፏት። አፏን ይዘው በታንኳ ወለል አስተኝተው እርጥብ ቁርበት ጣሉባት። ከቁርበቱ ሥር ሆና የሰማችው የመቅዘፊያውን ድምፅና ከሥሯ የሚንቦጫረቀውን ውኃ ብቻ ነበር፤ የሸተታትም ደንገሉ ብቻ። ከዚያ ሽማግሌ ተላከ፤ አባቷ ተቆጡ፣ ተለመኑ፣ ታረቁ። በግ ታረደ፣ ተበላ፣ ተመረቀ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድም እንኳ እሷን የጠየቃት አልነበረም።

ዓመታት ቆጥራ አመለጠች። ባሕር ዳር ደርሳ ፋብሪካው ሰው ሲቀጥር ገባች። የጠለፋትም ሰው በወባ መሞቱን ሰማች። ሰውዬው ሞተ፤ ታንኳው ግን አልሞተም። ማሽኑ ፊት ቆማ ክር ስትቀጥል፣ ቤተ ክርስቲያን ቆማ ኪዳን ሲደርስ፣ አንዳንዴ ድንገት ከእግሯ ሥር ውኃው ይንቦጫረቃል። ያን ጊዜ ዓይኗን ጨፍና "አንተ ታውቃለህ" ትላለች። ሌላ ጸሎት አትጨምርም። ያልፋል።

በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከለየች በኋላ መጀመሪያ ያነበበችው የአማርኛ ዳዊት ነበር። አስተማሪ የለ፣ አጋዥ የለ፤ ከፋብሪካ መልስ በኩራዝ ብርሃን ጣቷን ከቃል ቃል እያስኬደች አነበበችው። እግዚአብሔር እንደኔ ላለችው ሴት ፊደል ሰጠ ብላ አመሰገነችው። ደርጉ የሴቶች ማኅበር ይቋቋም ሲል ቀበሌዋ ማንበብ የምትችል ሴት ፈለገና እሷን መረጣት። ሌሎቹ ስብሰባውን ጠልተው፣ ስለ ጭቆና የሚነገረው ንግግርም ረዝሞባቸው ሸሽተው ነበር። ፀሐይወርቅም ረዝሞባት ነበር። ነገር ግን ከንግግሩ በኋላ የሚሆነውን ሥራ ማንም ሳያዛት ራሷ ጀመረችው። ባል የደበደባትን፣ አሠሪዋ የደፈራትን፣ ከቤት የተባረረችውን ሴት እጇን ይዛ ጤና ጣቢያ ትወስዳለች። ሸንጎ ፊት አብራት ትቆማለች። ሴቲቱ አንድ ጊዜ የተናገረችውን ደግማ ደጋግማ ለእያንዳንዱ ሹም እንዳትናገር ትከላከላለች። ስትቀመጥም ሁልጊዜ በሴቲቱና በበሩ መካከል ትቀመጣለች።

"ምን አድርገሽው ነው?" ብላ ጠይቃ አታውቅም። መጀመሪያ የምትጠይቀው "ዛሬ የት ታድሪያለሽ?" ብላ ነው።

ውዴን ያመጣችላት ሰዓዲያ ነበረች። ሰዓዲያ በሹም አቦ ጨውና ላምባ የምትቸረችር፣ ምላሷ የሰላ፣ እጇ ግን የማይሰስት ነጋዴ ናት። ሐምሌ ነው፤ ዝናብ ይጥላል። ፀሐይወርቅ ከፋብሪካ ስትመለስ ከሱቋ ጠራቻት።

"አንቺ የሴቶች ማኅበር! ነይማ። ይችን ልጅ ተረከቢኝ። ጨው ገዛች፣ ከፈለች፣ ጨረሰች። እግሯ ግን ከሱቄ አልወጣ አለ። እኔ ደግሞ እንደ ጨው ከረጢት እዚህ ላቆማት አልችል።"

ልጅቱ በሩ ጥግ ቆማ ነበር። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች። አንድ እጇን በሌላው ይዛዋለች።

"ዛሬ የት ታድሪያለሽ፣ እታለም?" አለቻት ፀሐይወርቅ።

ውዴ ቀና ብላ አየቻት። ጥያቄው እንግዳ ሆኖባት፣ መልሱን ሳይሆን ጠያቂዋን የምትመረምር ትመስል ነበር። በመጨረሻ፣ "እንጃ" አለች።

"እንግዲያ እኔ ዘንድ ታድሪያለሽ።"

በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። የግራ እጇ ቀለበት ጣት ተሰብሮ ነበር፤ ክንዷ ላይ አዲስ ሰንበር ባሮጌው ላይ ተጋድሟል። ድሬሰሩ "ምን ሆነሽ ነው?" ሲላት "ወድቄ ነው" አለች።  ድሬሰሩም ያየውን እንጂ የሰማውን ሳይጽፍ ማስረጃውን ሰጣቸው።

የውዴ ባል ዳኘው ይባላል፤ በአንድ የመንግሥት መጋዘን ጸሐፊ ነው። ጃንጥላውን ሳይዝ ከቤት አይወጣም፤ ጫማው በዚያ ጭቃ እንኳ ያበራል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፣ ሰኞ ለካድሬ ያጨበጭባል፤ ማንም ክፉ ሲናገረው አልተሰማም። ውዴን ያገባት ከሐይቁ ማዶ ደልጊ ለሥራ ሄዶ ሲሆን፣ አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ፀሐይወርቅ ሥራ ስትገባ ውዴ ሰዓዲያ ጓዳ፣ በጨው ከረጢቶቹ መካከል ትውላለች። ዳኘው ይህን አላወቀም፤ ሆኖም አንድ ቀን ወደ ሱቁ መጣ።

"እንደምን ዋሉ እትዬ ሰዓዲያ። ባለቤቴን አላዩብኝም?"

"እንዴት ያለች ናት?"

"ቀጠን ያለች፤ ትንሽ አእምሮዋን የሚነካት።"

"ኧረ! ስታገባት ነው የነካት ወይስ ካገባሃት ወዲህ?"

ዳኘው ፈገግ ብሎ ጃንጥላውን አጠፈ። "ቀልደኛ ነዎት።"

"ቀልዱስ በነፃ ነው። ጨው ትገዛለህ?"

አልገዛም። ውዴ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጣ ትንፋሿን ውጣ ነበር። ሰዓዲያ ያን ዕለት ማታ ለፀሐይወርቅ ስትነግራት ድምፅዋ ተለወጠ። "ልጅቱ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ከረጢቱ ላይ ነው የተጣበቀችው። ወላሂ፣ ሰው እንዲህ ዝም ሲል አይቼ አላውቅም።"

ፀሐይወርቅ ግን አይታ ታውቃለች። እሷም ከቁርበቱ ሥር እንዲያ ዝም ብላ ነበር።

ፀሐይወርቅ በማኅበሩ ስም ያጻፈችው አቤቱታ ለቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ቀረበ። ሸንጎው የሚቀመጠው እሑድ ጠዋት፣ ልክ በቅዳሴ ሰዓት ነው። ደወሉ ከሩቅ ሲሰማ አሮጊቶቹ አዳራሹ ውስጥ በስርቆት ያማትባሉ። የሸንጎው ሊቀ መንበር ጓድ ቢያዝን ከደብረ ማርቆስ የመጣ ወጣት መካኒክ ነው፤ ችኩል ነው እንጂ ክፉ አይደለም።

"ተናገሪ እንግዲህ፣ ጓዲት ውዴ" አላት።

ውዴ ቆመች። አፏ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ፀሐይወርቅ አጠገቧ ቆማለች።

"መትቶሻል ወይስ አልመታሽም?"

ዝም።

"ይህ ጣትሽ በምን ተሰበረ?"

ዝም።

ዳኘው ፈቃድ ጠይቆ ተነሣ። "ጓድ ሊቀ መንበር፣ ባለቤቴ ታማብኛለች። ጠበል ላስጠምቃት ብዬ ስዘጋጅ ሰዎች መክረው ከቤቴ አስወጡብኝ። እኔ ማንንም አልከስም። ወደ ቤቷ ትመለስልኝ እንጂ።" ድምፁ ለስላሳ ነበር። ከሕዝቡ ውስጥ "አይ ሰው! አይ ትዕግሥት!" ያሉ ነበሩ።

ቢያዝን እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገ። "የጤና ጣቢያው ማስረጃ ጣቷ መሰበሩን ይላል፤ ማን እንደሰበረው አይልም። ተበዳይ ካልተናገረች በምን እንፍረድ? ለሚመጣው እሑድ ተቀጥሯል። ያን ዕለትም ዝም ካለች ክሱ ይዘጋል፤ ከባሏ ጋር ትገባለች።"

ነሐሴ ገብቷል፤ ክርስቲያኑ ሁሉ ፍልሰታን ይጾማል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሴቶች ሽምብራቸውን ቆልተው ተቀመጡ። ፀሐይወርቅ ምንም አልጠየቀችም። ውዴ ናት ወለሉን እያየች የተናገረችው።

"እትዬ፣ እርስዎ ዳዊት ያነባሉ።"

"እንደነገሩ።"

"ግዝት ያፈረሰ ሰው ምን ይሆናል?"

ፀሐይወርቅ የያዘችውን ሽምብራ መልሳ ሳህኑ ላይ አደረገችው። "ማነው የገዘተሽ?"

"እሱን ልናገር እችላለሁ መሰለኝ" አለች ውዴ፤ ቃላቷን እንደ ተሰባሪ ዕቃ አንድ በአንድ እያስቀመጠች። "የነፍስ አባታችን ናቸው፤ አባ ወልደ ሐዋርያት። ከፋሲካ በኋላ ቤት መጥተው ሁለታችንንም ገዘቱን። እኔን የቤቱን ገመና ለሰው እንዳላወጣ። ለጎረቤትም፣ ለዳኛም፣ ለወላጅም። ባወጣ እንደ አርዮስ ከቤተ ክርስቲያን የተለየሁ እንድሆን።"

"ሁለታችሁንም ነው ያልሽኝ። እሱንስ ምን ብለው?"

ውዴ ዝም አለች። እዚያ ጋ ግዝቱ ይጀምራል። ፀሐይወርቅ ገባትና ራሷ ተናገረችው። "እጁን እንዳያነሣብሽ።"

ልጅቱ ዓይኗን ጨፈነች። እንባዋ ግን ወረደ።

አዛውንቱ ካህን ቤት እንዳይፈርስ ብለው በአንድ ቃል ሁለቱንም አሥረው ሄዱ። ባል ሳምንት ሳይሞላ የራሱን አፈረሰ። ሚስት የራሷን ጠበቀች። ጣቷ እስኪሰበር ጠበቀች፤ ሸንጎ ፊትም ጠበቀች። ፀሐይወርቅ ይህን ስታስብ ከእግሯ ሥር ውኃው መንቦጫረቅ ጀመረ።

በነጋታው ጓድ ቢያዝን ዘንድ ሄዳ ነገሩን እንዲህ ነው አለችው። ቢያዝን ሳቀ፤ በንቀት ሳይሆን በመገረም።

"ጓዲት ፀሐይወርቅ፣ ግዝት የሚባል ነገር እኮ የለም። አድኃሪ ልማድ ነው። የለም ብለሽ ንገሪያት።"

"ለእርስዎ የለም፣ ጓድ። ለእሷ አለ። ለእኔም አለ።"

"እና ምን ላድርግ? ለአርዮስ ደብዳቤ ልጻፍ?"

"ምንም አያድርጉ። እስከ እሑድ ብቻ አይዝጉብን።"

የሰፈሩ ደብር ካህን ደግሞ ራሳቸውን ነቀነቁ። የገዘተው በሕይወት ሳለ ሌላው ገብቶ አይፈታም፤ ሄዳችሁ አባ ወልደ ሐዋርያትን ጠይቁ አሉ። አባ ወልደ ሐዋርያት ደግሞ የፍልሰታን ሱባኤ ይዘው ሐይቁ ውስጥ አንዲት ደሴት ገብተዋል። ሴት የማትወጣባት ደሴት ናት። ወደዚያ የሚወስደውም ታንኳ ብቻ ነው።

ፀሐይወርቅ ይህን ሰምታ ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱ ጠፋባት፤ የኖረችበት ሰፈር ጠፋባት። ሰዓዲያ ናት ከሱቋ ወጥታ ክንዷን ይዛ ያስገባቻት።

"ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?"

"በታንኳ ሂጂ አሉኝ።"

"ሌላ ሰው ላኪ።"

"ልጅቱን ለማን አደራ ሰጥቼ? ብቻዋን ከካህን ፊት ቆማ ምን ትላለች፣ አፏ ታሥሮ?"

ሰዓዲያ ያለወትሮዋ ሳትቀልድ ኩባያ ውኃ ሰጥታት አብራት ተቀመጠች። "አላህ ያግዝሽ፣ እህቴ" አለች ቆይታ።

በማግሥቱ ማለዳ ፀሐይወርቅና ውዴ ሐይቁ ዳር ወረዱ። ሰማዩ ዝቅ ብሏል፤ ሐይቁ ጭቃማ መልክ ይዟል። አዘዘ የሚባል ጎልማሳ ታንኳውን ወደ ዳር ስቦ ቆሟል። ሽታው መጣ። ፀሐይወርቅ የመጨረሻውን እርምጃ መራመድ አቃታት። ያ ሁሉ ዓመት በላይ በኩል የዞረችው መንገድ ሁሉ እዚህ የደረሰ መሰላት። ታንኳው ወለል ላይ አንዲት ልጅ ተኝታ ታየቻት፤ ቁርበቱ እስከ ግንባሯ ተጥሎባታል፤ እግሮቿ ባዶ ናቸው።

"ሴትዮ፣ ታንኳው አይነክስም" አለ አዘዘ። "ላሞች እንኳ ጭነንበታል፤ አንዷም እንዲህ አልተግደረደረች።"

ውዴ ቀድማ ገባች። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት፤ ታንኳው ከሥሯ አልተናወጠም። ዘወር ብላ ደኅናውን እጇን ዘረጋች። ባሕር ዳር ውስጥ አንገቷን ደፍታ የኖረችው ልጅ ውኃ ላይ ቀና ብላ ቆማለች።

"ይያዙኝ እትዬ። አይተኙ፤ ይቀመጡ። ሰማዩን ይዩ እንጂ ወለሉን አይዩ።"

ፀሐይወርቅ ስለ ታንኳው ነግራት አታውቅም። ልጅቱ ምኑን እንዳየች አልገባትም። እጇን ያዘችና ገባች። አዘዘ ቀዘፈ፤ ያ ድምፅ ተሰማ፤ ውኃው ከሥሯ ተንቦጫረቀ። ፀሐይወርቅ "አንተ ታውቃለህ፣ አንተ ታውቃለህ" ትላለች፤ የውዴን እጅ ደሙ እስኪሸሽ ጨብጣዋለች። ቁርበት የለበሰችው ልጅ መንገዱን ሁሉ ከእግሯ አጠገብ ተኝታ ነበር። አልጠፋችም። ነገር ግን በዚያ መንገድ መካከል ፀሐይወርቅ ወደ እሷ ጎንበስ ብላ፣ በከንፈሯ ብቻ፣ "ዛሬ እኔ ዘንድ ታድሪያለሽ" አለቻት።

ደሴቷ ዘንድ ሲደርሱ አዘዘ ታንኳውን ከድንጋይ ጋር አሥሮ ካህኑን ሊጠራ ወደ ላይ ወጣ። ሁለቱ ሴቶች መውረድ አይፈቀድላቸውምና እዚያው ታንኳው ላይ ሆነው ጠበቁ። ማዕበሉ እያወዛወዛቸው፣ ዛፎቹ መካከል የወፍና የደወል ድምፅ እየሰሙ ቆዩ። በመጨረሻ አባ ወልደ ሐዋርያት ከአዘዘ ጋር በመቋሚያቸው እየተመረኮዙ ወረዱ። ጾሙ አክስቷቸዋል። ውዴን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

"ልጄ! ዳኘው ደኅና ነው? ቤታችሁ ሰላም ነው?"

ውዴ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። 

"አባ" አለች ፀሐይወርቅ፣ "ግዝቱን ይፍቱላት ብለን ነው የመጣን።"

ካህኑ መቋሚያቸውን አጠበቁ። "ምን ተገኘና? ምክንያቱን ሳልሰማ ግዝት አልፈታም። ትንገረኝ።"

"ካልፈቷት መናገር አትችልም፣ አባ።"

"ካልተናገረች መፍታት አልችልም።"

ማዕበሉ ታንኳውን ከድንጋዩ ጋር አጋጨው። አዘዘ ወዲያ ማዶ ዞሮ ያልሰማ መሰለ። ፀሐይወርቅ ውዴን አየቻት። ልጅቱ ቀስ ብላ ነጠላዋን ከክንዷ ገለጠች። ግራ እጇን ወደ ካህኑ ዘረጋች። ቀለበት ጣቷ ተጣሞ ገጥሟል። በክንዷ ላይ ሰንበሩ ከጥቁር ወደ ቢጫ እየተለወጠ ነበር።  ገመና በአፏ አላወጣችም።

አባ ወልደ ሐዋርያት ቀረብ ብለው አዩ። ደጋግመው አዩ። "ስገዝታችሁ ይህ ጣት ደኅና ነበር" አሉ። "በዚያ እጇ ነው እጄን ያስታጠበችኝ፤ አስታውሳለሁ።"

"አዎ፣ አባ" አለች ፀሐይወርቅ። "ደኅና ነበር።"

አዛውንቱ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ።  "ቤት የማድን መስሎኝ" አሉ በመጨረሻ፤ "በሩን በላይዋ ቆለፍሁት?"  ከዚያ ተነሥተው፣ እግራቸው ውኃ እስኪነካ ወርደው መስቀላቸውን በራሷ ላይ አሳረፉ። ፈቷት። እግዚአብሔር ይፍታሽ አሉ፤ ደግሞም ከካህን አፍ ያልተለመደ ነገር አሉ፤ "ይቅር በይኝ፣ ልጄ።"

ውዴ የመስቀሉን ጫፍ ሳመች። መልስ ግን ያን ቀን አልሰጠቻቸውም፤ ፀሐይወርቅም ስጪ አላለቻትም።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ሰዓዲያ ሱቋን ዘግታ መጥታ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ጓድ ቢያዝን መዝገቡን ገልጦ፣ "ጓዲት ውዴ፣ ዛሬ የመጨረሻው ነው" አላት።

ውዴ ቆመች። ፀሐይወርቅ በእሷና በበሩ መካከል አለች። ልጅቱ ትንፋሿን ስባ፣ "መትቶኛል" አለች።

 ዳኘው ከመቀመጫው እንደ ተተኮሰ ተነሣ። ያ የለሰለሰ ድምፅ የት እንደገባ አልታወቀም።

"ልትናገር አትችልም! ግዝት አለባት! የነፍስ አባታችን ገዝተዋታል!"

ቢያዝን እስክሪብቶውን አነሣ። "ግዝት?"

"አዎ! የቤቱን ገመና እንዳታወጣ!"

"ቆይ፣ ጓድ ዳኘው። ባለፈው ምንም የለም፣ ታማ ነው አልከኝ። በሌለ ነገር ላይ ማን ይገዝታል? የምን ገመና ነው?"

ዳኘው ጃንጥላውን ከቀኝ ወደ ግራ እጁ አዛወረ። ከኋላ አንዲት አሮጊት ተነሥተው፣ "እሱስ? እሱንስ ምን ብለው ገዘቱት? ነፍስ አባት አንዱን ብቻ አይገዝትም!" አሉ። ሕዝቡ ተንጫጫ። ቢያዝን ጠረጴዛውን ቢመታም የሰማው አልነበረም። ግዝት የለም ያለው ወጣት ራሱ መልሱን ለመስማት ጓጉቶ ነበር።

"እሱን እጁን እንዳያነሣብኝ ገዘቱት" አለች ውዴ። "ሁለታችንም ነበርን። እኔ ጠብቄያለሁ። አሁን ተፈትቻለሁ። እሱ ግን አልተፈታም።"

 ባለፈው እሑድ "አይ ትዕግሥት" ያሉት ሰዎች ከዳኘው ራቅ ብለው ተቀመጡ። ዳኘው ወንበሩን ፈልጎ በዳበሳ ተቀመጠ፤ ግንባሩ በላብ ረጥቧል።

ውዴ ቀጠለች። የጣቷን ነገር ተናገረች። ስለ ሌሊቶቹ ስትደርስ ድምፅዋ ቢያንስም አላቆመችም። "ሌሊት እምቢ ስል ነው የሚመታኝ። ከመታኝ በኋላ እምቢታዬ አይቆጠርም።"

"ባሏ አይደል?" የሚል የወንድ ድምፅ ከኋላ ተሰማ። ሰዓዲያ ዘወር ብላ ሰውዬውን እስኪያቀረቅር አየችው። ቢያዝን አንገቱን አከከ። "ይህኛው... በሕጉ እንኳ... በባልና ሚስት መካከል ሲሆን..." አለና ቆመ።

"ጓድ ሊቀ መንበር" አለች ፀሐይወርቅ፤ በሸንጎው ፊት ድምፅዋን ያሰማችው ያን ጊዜ ብቻ ነበር። "ሕጉ ባያውቀውም የተናገረችው ይጻፍ። እንዳለችው ይጻፍ።"

ቢያዝን ጥቂት አሰበና ጻፈ። ጽፎም ጮክ ብሎ አነበበላት። "እንዲህ ነው ያልሽው?"

"እንዲህ ነው" አለች ውዴ።

ሸንጎው ተመካክሮ ወሰነ። የድብደባው ክስ ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ይመራ። ቤቱ የቀበሌ ስለሆነ ዳኘው ዛሬውኑ ለቅቆ ይውጣ፤ ውዴ ትግባበት። ቁልፉን እዚሁ ያስረክብ።

ዳኘው ከኪሱ ቁልፉን አወጣ። ለውዴ በእጇ አልሰጣትም፤ ወደ እሷም አላየም። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጣለውና ጃንጥላውን ይዞ ወጣ። የሚያበራው ጫማው ደጃፉ ላይ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ፀሐይወርቅ አየችው። ከተማው ትንሽ ነው፤ ነገ ገበያ ላይ፣ ከነገ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያገኟታል፤ እሱም፣ ዘመዶቹም፣ የሚያሙአትም። ይህን ሁሉ ሸንጎ አይወስንም። ሌሊቱም እንዲሁ፤ ሌሊቱ ብዙ ዓመት ተከትሏት ሊኖር እንደሚችል ፀሐይወርቅ ከማንም ይልቅ ታውቃለች። ያን ቀን ግን እግዚአብሔርን ያመሰገነችው የሚያስፈራው ሁሉ አልፎ አይደለም። ልጅቱን ሰው ጠይቋት፣ መልሷም ስለተጻፈ ነበር።

ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ውዴ አየችው እንጂ አልነካችውም። ቢያዝን ቀጣዩን ጉዳይ ሊጠራ ፈልጎ ቁልፉን ወደ ፀሐይወርቅ ገፋ አደረገው።

"ያዢላት እንጂ፣ ጓዲት።"

የፀሐይወርቅ እጅ ሊነሣ ምንም አልቀረውም። ጭኗ ላይ አጣብቃ ያዘችው። "ይጠብቁ" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ሌላ ጉዳይ አለን እኮ።"

"ይጠብቅ።"

ሰዓዲያ ከፊት ሆና እጇን አጣምራ ተቀመጠች።  የቅዳሴው ማብቂያ ደወል ከሩቅ ተሰማና አለቀ። ውዴ ያችን የተጣመመች ጣቷን ያየች መሰለች፤ ከዚያ ግራ እጇን ዘርግታ ቁልፉን አነሣችው። ብረቱ ከእጇ ጋር እስኪሞቅ ይዛ ቆመች።

"እንሂድ፣ እትዬ" አለች። "በሩን እኔ ነኝ የምከፍተው።"